ቄሱ ለምን አያገባም? ስለ ሁለት የድሮ ፊልሞችና ስለ አንድ ያላለቀ ስክሪፕት

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቄስ ነው። አንዲት ሴት ይወድና በእምነቱና በስሜቱ መሀል ይጨነቃል። ለመማር ብዬ ሁለት የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች አየሁ። አንዱ የ1932ቱ ‹ዝናብ› ነው፤ ሰውየው ይወድቅና ራሱን ያጠፋል። ሌላው የ1936ቱ ‹የአላህ የአትክልት ቦታ› ነው፤ እዚህ ደግሞ ሚስቱን ትቶ ወደ ገዳሙ ይመለሳል። በመካከላቸው ያለው አራት ዓመት ብቻ ነው። አንዱ ቄስ ለምን ተቀጣ? ሌላውስ ለምን ዳነ? ዳይሬክተሮቹ በሃይማኖት ስለሚለያዩ ነው? የእኔ ቄስ መጨረሻ ላይ ወይ ይሞታል ወይ ይመለሳል። ሁለቱንም ጽፌ አስቀምጫለሁ። የትኛውን ልያዝ?» (ከአዲስ አበባ)

ካየሃቸው ሁለት ሰዎች አንዱም ቄስ አይደለም። ከዚህ እንነሳ፤ ስክሪፕትህም የተሰናከለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

የ«ዝናብ»ው ዳቪድሰን ፕሮቴስታንት ሚስዮናዊ ነው። ደግሞም ባለትዳር ነው! ሚስቱ አብራው መጥታለች፤ እንዲያውም ከእሱ ብሳ ትቆጣለች። «ሴት አልነካም» ብሎ የገባው ቃል የለም። የ«አላህ የአትክልት ቦታ»ው ቦሪስ ደግሞ መነኩሴ ነው። ትራፒስት ከሚባሉት፣ አርምሞን አጥብቀው ከሚይዙት የካቶሊክ መነኮሳት ወገን ነው። በእኛ አነጋገር ቆቡን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ርዕሱም አያሳስትህ። ፊልሙ ስለ እስልምና አይደለም፤ «የአላህ የአትክልት ቦታ» የተባለው በረሃው ነው።

ችግሩ ያንተ ብቻ አይደለም። እኛ ጥቁር ለብሶ አንገቱ ላይ ነጭ ነገር ያሰረውን ፈረንጅ ሁሉ «ቄስ» እንለዋለን። እናቴ አንድ ጊዜ አብራኝ እንዲህ ያለ ፊልም ስታይ ቆይታ «ታዲያ ለምን አያገባትም? ምን ቸገረው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። እሷ በምታውቀው ዓለም ቄስ ማለት ሚስት ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ክረምት ሲገባ እንደ ጎረቤቱ የሚያርስ ሰው ነው። «ቄሱ አፈቀረ» ብትላት «እሰይ» ነው የምትልህ። ያንተም ተመልካች እንደ እናቴ ነው። ፊልምህ በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅሃል። መልስ ከሌለህ የቀረው አሥራ ሦስት ደቂቃ በከንቱ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ቃል ኪዳኑ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሰውየው ዲያቆን ሳለ ያገባል፣ ከዚያ ይቀስሳል። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። መነኩሴ ሌላ ነው። ሲመነኩስ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ጳጳስ የሚሾመውም ከመነኮሳት ነው። በሮማ ካቶሊክ የላቲን ሥርዓት ግን ተራው የደብር ቄስም አያገባም። ነገሩ የቆየ ነው። በ1139 የተካሄደው ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ካህን ከተሾመ በኋላ የሚፈጽመውን ጋብቻ ጋብቻ አይደለም ብሎ ደንግጓል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ፤ የእኛ ሲሆን እነግርሃለሁ።) የፕሮቴስታንቱ ፓስተር ደግሞ ያገባል፤ እንዲያውም ካላገባ ምእመኑ ይጨነቅለታል።

ይህ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም፤ የድራማ ጉዳይ ነው። ባለትዳሩ ሚስዮናዊ ሌላ ሴት ሲመኝ ታሪኩ የዝሙትና የግብዝነት ታሪክ ነው። የካቶሊኩ ቄስ ሲያፈቅር ታሪኩ በፍቅርና በገባው ቃል መካከል ነው። መነኩሴ ሲያፈቅር ግን የሞተ ሰው ከመቃብር እየተነሳ ነው። ሦስቱን «የቄስ ፈተና» ብለህ አንድ ከረጢት ውስጥ ከጨመርካቸው ሦስቱንም ታጣቸዋለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የዳይሬክተሮቹን ሃይማኖት ተወው። «ዝናብ»ን የሠራው ሉዊስ ማይልስቶን ከቤሳራቢያ የመጣ አይሁዳዊ ነው። «የአላህ የአትክልት ቦታ»ን የሠራው ሪቻርድ ቦለስላቭስኪ በሞስኮ አርት ቲያትር የሰለጠነ ፖላንዳዊ ነው። ሁለቱም የተሰጣቸውን ታሪክ የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ልዩነቱን የሚያስረዳህ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለፈ አንድ ዓመት ነው፤ 1934።

ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልንገርህ። በ1927 የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ማኅበር «እነዚህን አታድርጉ፣ በእነዚህ ተጠንቀቁ» የሚል ዝርዝር አወጣ። ፈጽሞ ከተከለከሉት አሥራ አንድ ነገሮች አንዱ በካህናት ላይ መሳለቅ ነበር። የ«ዝናብ» ታሪክ ያኔም በእጃቸው ነበር። የእንግሊዛዊው ሶመርሴት ሞም አጭር ልብ ወለድ ነው፤ በ1921 ታትሞ በዓመቱ በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ቲያትር ሆነ። ቲያትሩ ስሙ ስለጠፋ አምራቾቹ አንነካውም ብለው ተስማምተው ነበር። ተዋናይቷ ግሎሪያ ስዋንሰን ግን ብልጥ ነበረች። ቲያትሩን ሳትጠቅስ በልብ ወለዱ በኩል ገባች። በ1928 ከራውል ዋልሽ ጋር ድምፅ አልባውን «ሳዲ ቶምሰን» ሠራችው። ዋጋ ግን አስከፈላት። ሰውየው የሃይማኖት ማዕረጉ ተነሥቶ እንዲሁ «ሚስተር» ሆነ። (የዚያ ፊልም የመጨረሻ ጥቅል ጠፍቷል። ዛሬ የሚታየው መጨረሻው በፎቶግራፍና ከሌላ ፊልም በተወሰደ ምስል የተጠገነው ነው። የሰውየው ውድቀት ያለበት ጥቅል ጠፍቶ መቅረቱ ራሱ ይገርመኛል።)

በ1930 ዝርዝሩ ወደ ሙሉ ደንብ አደገ። ያረቀቁት ዳንኤል ሎርድ የሚባል የኢየሱሳውያን ካህንና ማርቲን ኩዊግሊ የሚባል ካቶሊክ የመጽሔት አሳታሚ ናቸው። ደንቡ ስለ ሃይማኖት ሲናገር የሃይማኖት አገልጋይ በአገልጋይነቱ የቀልድ ወይም የክፋት ገጸ ባሕርይ መሆን የለበትም ይላል። ሆኖም እስከ 1934 ድረስ ደንቡ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር፤ አስገዳጅ አልነበረውም። በዚያ ዓመት አጋማሽ ጆሴፍ ብሪን የሚባል ሰው የማስፈጸሚያው ቢሮ ኃላፊ ሆነ። ካቶሊኮችም ምእመኑ መጥፎ ፊልም እንዳያይ ቃል የሚያስገባ ማኅበር አቋቋሙ። ሲኒማ ቤቶቹ ደነገጡ፤ ስቱዲዮዎቹም ተንበረከኩ። ካየሃቸው ፊልሞች የመጀመሪያው በሩ ሳይዘጋ ሾልኮ የወጣ ነው። ሁለተኛው ከተዘጋ በኋላ በተፈቀደው በር የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ከዚህ ተነስተህ «አሃ! መጨረሻውን ሳንሱር ነው የጻፈው» ካልክ ተሳስተሃል። ዳቪድሰን በሞም ልብ ወለድም ራሱን ያጠፋል። ቦሪስም ፊልሙ የተወሰደበት የሮበርት ሂቸንስ የ1904 ልብ ወለድ ውስጥ ወደ ገዳሙ ይመለሳል። ሳንሱሩ የሠራው ሌላ ነው፤ ከነበሩት ታሪኮች የትኛው ወደ ስክሪን እንደሚመጣ መረጠ። ፊልም ሲሆንም የሚጎረብጠው ይላጫል። የቦሪስን ታሪክ ውሰድ። በልብ ወለዱ መጨረሻ የቦሪስ ሚስት ዶሚኒ በአንድ የአትክልት ቦታ ልጇን ስታሳድግ ታያታለህ። የቦሪስ ልጅ ነው። በፊልሙ ልጁ የለም። ልጁ ሲወጣ ምን እንደተለወጠ አስተዋልክ? ቦሪስ ወደ ገዳሙ ሲመለስ ዋጋውን የምትከፍለው አንዲት የምታምር ሐዘንተኛ ሴት ብቻ ሆነች። ያለ አባት የሚያድግ ልጅ ተሰውሯል። የመመለሱ ነገር ንጹሕ የመሰለህ ሒሳቡ ስለተቀነሰ ነው። «ዳነ» ያልከውን ቃል በዚህ ዓይን መልሰህ እየው።

ይህን ስል ፊልሙ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ማርሌነ ዲትሪችና ሻርል ቧዬ አሉበት። የዚያ ዘመን ቴክኒከለር ቀለም የበረሃውን አሸዋ ወርቅ አስመስሎታል፤ ለቀለም ቀረጻውም ልዩ ኦስካር ተሰጥቶታል። ንግግሩ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያንቀላፋል። ልትሰርቀው የሚገባህ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ተመልካቹ ሰውየው መነኩሴ መሆኑን ቀድሞ ያውቃል፤ ሴቲቱ አታውቅም። ስለዚህ ተጋብተው ሲሳሳሙ አንተ ወንበርህ ላይ ትቁነጠነጣለህ። ሁለተኛው ጠርሙሱ ነው። ገዳሙ የሚተዳደረው በሚጠምቀው መጠጥ ነው። የቅመማውን ምስጢር የሚያውቀው ቦሪስ ብቻ ነው። አንድ ቀን በረሃ መሀል የጠፉ ወታደሮች ድንኳናቸው ደረሱ። እራት ላይ ያ መጠጥ ቀረበ። ከመጡት መኮንኖች አንዱ ገዳሙን ያውቀዋል። አየህ? ቃል ኪዳን አይታይም፤ ካሜራ የነፍስን መሐላ አይቀርጽም። ጠርሙስ ግን ይቀረጻል።

«ዝናብ» ይበልጥ የተሳለ ፊልም ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በወጣበት ጊዜ አልተሳካለትም። ዋናዋ ተዋናይ ጆአን ክራውፎርድ ራሷ ሥራዋን አልወደደችውም ነበር። እኔ ግን ከዘጠና ዓመት በኋላም ያስፈራኛል። ቦታው ፓጎ ፓጎ ነው፣ በአሜሪካ ሳሞአ። የመርከቡ ተሳፋሪዎች በበሽታ ስጋት ታግደው አንዲት የምታፈስ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተጠጋግተዋል። ዝናቡ አያባራም። ዳቪድሰን ሴተኛ አዳሪዋን ሳዲን እንደ ፍቅረኛ አይመለከታትም። እንደ ሥራ ነው የሚመለከታት። አገረ ገዢውን ተጭኖ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንድትባረር ያደርጋል፤ እዚያ ደግሞ እስር ቤት ይጠብቃታል። ትለምነዋለች፣ ትሰድበዋለች፣ በመጨረሻ ትሰበራለች። ተንበርክካ መጸለይ ትጀምራለች።

ዳቪድሰንን የሚጫወተውን የዋልተር ሂውስተንን ፊት እዚያ ላይ አቁመህ እየው። ሰውየው ያሸነፈባት ቅጽበት ነው የተሸነፈባት ቅጽበት። ቀለም የተቀባችውን፣ ግራሞፎን የምታስጮኸውን ሴት መቋቋም ይችል ነበር፤ ጠላቱ ናትና። ፊቷን ታጥባ በእምነት የምትመለከተውን ሴት ግን አልቻላትም። ምኞት በጠላትነት በር አልገባም፤ በርኅራኄ በር ገባ። ወደ ክፍሏ ሲሄድ ከበሮ ይሰማል። ውስጥ የሆነውን አናይም። ሲነጋ ሬሳው ባሕር ዳር ተገኘ። ሳዲ ደግሞ የድሮ ልብሷን ለብሳ፣ ሙዚቃዋን ከፍታ ብቅ አለች። ማንም ምንም አልነገረንም፤ ልብሱ ነገረን።

አንተ «ተቀጣ» ብለሃል። ማን ቀጣው? ራሱ ነው የቀጣው። ሌሎችን ሲለካበት የኖረበትን ሚዛን አንድ ጊዜ ወደ ራሱ አዞረው፤ ሚዛኑ ደግሞ ምሕረት የሚባል ክብደት አልነበረውም። ይህ መጨረሻ የሚሠራው ለዳቪድሰን ብቻ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሲፈርድ አይተነዋል። ያንተ ቄስ በላክልኝ ሦስት ገጽ ውስጥ ማንም ላይ አልፈረደም። ዝም ብሎ ያዝናል። የሚያዝን ሰው መጨረሻ ላይ ብትገድለው ተመልካቹ የሚያየው ቄሱን አይደለም፤ ፊልሙን እንዴት እንደሚጨርስ የጠፋበትን ጸሐፊ ነው። ራስን ማጥፋት በእኛ አገር ቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚቆስል ታውቃለህ። እንደ ነጥብ አትጠቀምበት።

ዘመኑን ሰፋ አድርገህ ማየት ከፈለግህ የ1926ቱን «ቀዩ ፊደል» እይ። ሊሊያን ጊሽ ይህን ፊልም ለማሠራት ራሷ የአብያተ ክርስቲያናትና የሴቶች ማኅበራትን ማሳመን ነበረባት። ፓስተሩን የተጫወተው ላርስ ሃንሰን ስዊድናዊ ነው። ድምፅ አልባ ስለሆነ እሱ በስዊድንኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ እየተናገሩ ነው ያ ሁሉ ፍቅር የተቀረጸው። በህንድ ፊልም ላደግነው ደግሞ የ1964ቱ «ቺትራሌካ» አለ። ባሕታዊው ኩማርጊሪ የቤተ መንግሥቱን ዳንሰኛ ሊገስጻት ይሄዳል። እሷ በዘፈን ትመልስለታለች፤ ከዓለም እየሸሸህ እንዴት አምላክን ታገኛለህ ነው ነገሩ። ከዚያ እሷ ሁሉን ትታ ወደ እሱ ትመጣለች፤ የሚፈተነው እሱ ይሆናል። ከ«ዝናብ» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ተመልከት።

የዳይሬክተሩን የሒችኮክን «እናዘዛለሁ» አትየው ባልልህም ተጠንቀቅበት። በ1953 ኩቤክ ከተማ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሞንትጎመሪ ክሊፍት የካቶሊክ ቄስ ነው። ሰዎች የፍቅር ፈተና ፊልም ነው ይሉታል። አይደለም። ፍቅሩ የነበረው ከመቀሰሱ በፊት ነው። ሴቲቱ አሁን የሌላ ሰው ሚስት ናት፤ የምትወደው እሷ ናት፣ እሱ ተሻግሯል። የቄሱ ትክክለኛ ፈተና ነፍሰ ገዳዩ በንስሐ የነገረውን ምስጢር መጠበቅ ነው። መነሻ የሆነው የፈረንሳይ ቲያትር ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ሲረቀቅ ቄሱ ልጅ ነበረው፣ በመጨረሻም ይሰቀል ነበር። ስቱዲዮው ሁለቱንም አስወጣ። ሒችኮክ ኋላ ላይ ካቶሊክ ያልሆነ ተመልካች የቄሱን ዝምታ እንደማይቀበለው ተረድቶ ፊልሙን ባልሠራሁት እስከማለት ደርሷል። ይህ የእናቴ ጥያቄ ነው እንግዲህ፣ በሌላ መልኩ። ቃል ኪዳኑን ያልገባው ተመልካች ፈተናውን አይቀበለውም።

አንድ ፊልም ብቻ ልይ ብትለኝ ግን ሌላ ነው የምሰጥህ። የ1961ዱ «ሌዎን ሞረን፣ ቄስ»፣ የዣን ፒየር ሜልቪል። በጦርነቱ ጊዜ በወራሪ ጦር የተያዘች የፈረንሳይ ከተማ ናት። ባርኒ ባሏ የሞተባት፣ በኮሚኒስትነት የምታስብ ሴት ናት። ቄሱን ለማብሸቅ ብላ የንስሐ ሳጥን ውስጥ ትገባለች። «ሃይማኖት የሕዝብ አደንዛዥ ነው» ትለዋለች። እሱ አይቆጣም። መጽሐፍ ያውሳታል። ትመላለሳለች፣ ይከራከራሉ። ቄሱን የሚጫወተው ዣን ፖል ቤልሞንዶ ወጣት ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ መሆኑንም ያውቃል። ልብሱ የተጣፈ ነው።

አንድ ቀን እንጨት ሲፈልጥላት ትጠይቀዋለች። ፕሮቴስታንት ፓስተር ብትሆን ኖሮ ታገባኝ ነበር? ትላለች። «እንዴታ» ይላታል። ከዚያ መጥረቢያውን ጉማጁ ላይ ሰክቶ ይወጣል። አለቀ።

ይህን ትዕይንት አሥር ጊዜ እየው። ከላይ ስለ ቃል ኪዳን ዓይነቶች የተረክሁልህን ሁሉ ባርኒ በአንድ ጥያቄ ጨርሳዋለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለያቸው፤ «ቄስ» ወይስ «ፓስተር»። ስሜቱ ሳይካድ ነው የተዘጋው። እሱ አልሞተም፣ አልሸሸም፣ አልወደቀም፤ ግን መጥረቢያው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። መሳሳም የለም፣ እንባ የለም። ደግሞ ሌላ ነገር ተመልከት። ታሪኩን የምናየው በባርኒ ዓይን ነው። በልቡ ምን እንዳለ እኛም እንደ እሷ መገመት አለብን። በ«አላህ የአትክልት ቦታ» ግን ሰውየው ልቡን ለደቂቃዎች ሲዘረግፍ ትሰማለህ፤ ሲጨርስ ምንም አይቀርልህም።

እንግዲህ ወደ አንተ ስክሪፕት። ሁለቱንም መጨረሻ ጣላቸው። ሞቱንም መመለሱንም ማለቴ ነው። ሁለቱም ከሌላ ቃል ኪዳን የተወሰዱ ናቸው፤ አንዱ ከሚስዮናዊ፣ አንዱ ከመነኩሴ። ያንተ ሰው ቄስ ነው፤ የእኛ ቄስ ደግሞ ሚስት አለው። ሚስቱ በላክልኝ ገጾች ውስጥ የለችም። ወይ ረስተሃታል፣ ወይ ሳታውቀው የካቶሊክ ቄስ ነጠላ አልብሰህ አምጥተሃል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ አንድ ብቻ ነው። ሰውየውን ዲያቆን አድርገው። ሊቀስስ ሦስት ሳምንት የቀረው ዲያቆን። ሆሊውድ ያልነበረው፣ እኛ ብቻ ያለን ድራማ እዚያ ነው። በዚያች ሦስት ሳምንት ውስጥ በሥርዓቱ ማግባት ይችላል። ልመንኩስ ቢልም መንገድ አለው። አንዴ ከቀሰሰ ግን የጋብቻው በር ተዘጋ። ማንም አልከለከለውም፤ ጊዜ ነው የሚከለክለው። አጭር ፊልም የሚፈልገው ይህንን ነው። የሚቆጥር ሰዓት ሲኖር ማንም መጮህ የለበትም። ቤተሰቡ አንዲት ልጅ መርጠውለታል እንበል። እሱ የሚያስባት ሌላ ናት፤ እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች ናት። ለቅስና የሚያበቃ ጋብቻ ከእሷ ጋር አይሆንም። ወይ እሷን ወይ ቅስናውን። እናትህም እናቴም ይህን ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

መመንኮስ ላይ ከጸናህ ግን ስእለቱ የማን እንደሆነ ወስን። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም፣ ይህ በእኛ ነው) ውስጥ ያለው በዛብህ የስእለት ልጅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ወላጆቹ ናቸው፤ እሱ አልተጠየቀም። ስለዚህ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚከብደው ራሱ ያልገባውን ቃል ማፍረስ ነው። ቦሪስ ግን ቃሉን በገዛ አፉ ገብቷል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሌሊት ሲነቁ የሚያስቡት አንድ አይደለም። በአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ሁለቱንም መሸከም አትችልም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች። ዲያቆን ስል ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ ሀያ አምስት የሞላው ሰው ማለቴ ነው። ሕፃናት ዲያቆናት እንዳሉ አትርሳ፤ ተዋናይ ስትመርጥ ልጅ የሚመስል አትምረጥ። ደብሩ ግቢ ውስጥ ለመቅረጽ ከአለቃው በጽሑፍ ፈቃድ ያዝ። ስክሪፕቱንም ሙሉውን አሳያቸው፤ በኋላ ከሚጣሉህ አሁን ይጣሉህ። ቅዳሴ ሲካሄድ ለፊልም አትቅረጽ፤ ንዋየ ቅድሳትንም እንደ ዕቃ አታስነሳ። ቆብና መስቀል ከአልባሳት ሠሪ ታገኛለህ። ደግሞ ሰፈርህ ውስጥ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ከሆነ ሥራውን፣ ደብሩን፣ አካባቢውን ቀይረው። ካህኑን ብቻ አይደለም የምትጎዳው፤ ሴቲቱ ገበያ ትወጣለች።

«ዝናብ»ን ደግመህ ስታየው ሙሉውን ቅጂ ፈልግ፤ ወደ ዘጠና አራት ደቂቃ ነው። ተቆርጦ ያጠረ ቅጂ ይዘዋወራል፤ እሱን ካየህ የሳዲ ለውጥ ድንገተኛ ይመስልሃል።

ለዲያቆንህም አንድ ጠርሙስ ፈልግለት። የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር። ለቅስናው ቀን እናቱ ያሰፋችለት አዲስ ቀሚስ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ትዕይንት ልኩን ይለካል፤ እጅጌው ይረዝመዋል። መጨረሻው ላይ ቀሚሱ የት እንዳለ ብቻ አሳየኝ፤ ሌላ ምንም አትንገረኝ።

የቀረው ሴቲቱ ናት። በደብዳቤህ «አንዲት ሴት» ነው ያልካት። ሦስቱን ገጽ አገላበጥኩ፤ እዚያም «ሴት» ናት። ቄሱ ስም አለው፣ ደብሩ ስም አለው፣ በቅሎዋ እንኳ ስም አላት። ሁለተኛውን ረቂቅ የምታየው በእሷ ዓይን ይሁን፤ ስሟንም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፈው።